ከአንድ ድምፅ ወደ ብዙ ድምፅ፦ ለሙዚቃ ተማሪዎች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

ሶልፌጅ (ኖታን በድምፅ ማንበብ) እና የሙዚቃ ታሪክ በማስተማር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ከተማሪዎቼ አዘውትሬ የሰማሁት ጥያቄ፣ ፒያኖ ወይም ቫዮሊን መጫወት የፈለገ ሰው ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖረ መነኩሴ ምን ይጠቅመዋል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ራሴ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ የሙዚቃ ታሪክ የተማርኩት አንድም ዜማ ሳልሰማ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተደረደሩ ስሞችና ዓመታት ስለነበረ፣ ፈተናውን አለፍኩና ትምህርቱን ረሳሁት። ብዙ ቆይቶ፣ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ አውሮፓውያን ከመካከለኛው ዘመን እስከ ባሮክ (ከ1600 እስከ 1750 ገደማ ያለው የሙዚቃ ዘመን) በሰባትና በስምንት መቶ ዓመት ውስጥ የሄዱበትን መንገድ አንድ ተማሪ በራሱ ጉሮሮ ደረጃ በደረጃ ካልሄደበት፣ የጀርመናዊውን ደራሲ የባኽን ኖታ በጣቱ ቢጫወተውም በጆሮው እንደማይሰማው ነው። የምጽፍላችሁም ይህንኑ ለማስረዳት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሴቪሊያው ጳጳስ ኢሲዶር በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ድምፆች በሰው ትዝታ ካልተያዙ ይጠፋሉ፣ መጻፍ አይቻልምና የሚል ሐሳብ ጽፎ አልፏል። በዚያን ጊዜ እውነት ነበር። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ብቻ ይተላለፍ ነበርና፣ ንጉሥ ሻርለማኝ በግዛቱ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የሮማን ዜማ እንዲያዜሙ በፈለገ ጊዜ ችግሩ ገሃድ ወጣ፤ ከሮም የመጣው ዜማ በየአገሩ መልኩን ይቀይር ጀመር። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቃላቱ በላይ ኒውማ የሚባሉ ጥቃቅን ምልክቶች መጻፍ ተጀመረ። እነዚህ ምልክቶች ዜማው መውጣቱን ወይም መውረዱን ያሳያሉ እንጂ በምን ያህል እንደሚወጣ አይናገሩም፤ ስለዚህ ዜማውን አስቀድሞ ለሚያውቀው ሰው ማስታወሻ ናቸው። ከእናንተ መካከል በአብነት ትምህርት ቤት ያለፋችሁ ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። በድጓው ላይ ከፊደላቱ በላይ የተቀመጡት ይዘት፣ ደረትና ጭረት ያለ መምህር አፍ ብቻቸውን እንደማያዜሙ ታውቃላችሁ።

ነገሩን የለወጠው በጣሊያን ይኖር የነበረ ጉይዶ ዳሬዞ የተባለ መነኩሴ ነው። የመዘምራን ሕፃናት መምህር ነበር፤ ልጆቹ ዘመናቸውን ሁሉ ዜማ ሲያጠኑ ኖረው ያለ መምህር አንዲት አጭር ዜማ እንኳ ማንሳት አለመቻላቸው ያሳዝነው ነበር። ምልክቶቹን በመስመሮችና በመስመሮች መካከል አስቀመጣቸው፤ የ«ፋ»ን መስመር በቀይ፣ የ«ዶ»ን በቢጫ ቀለም አሰመረ። ከዚያም ለመጥምቁ ዮሐንስ ከሚዘመር አንድ መዝሙር፣ እያንዳንዱ ሐረግ ከቀደመው በአንድ ደረጃ ከፍ ብሎ የሚጀምረውን ዜማ ወስዶ፣ የሐረጎቹን መነሻ የቃል ክፍሎች ለድምፆቹ ስም አደረጋቸው፦ ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ። «ኡት» ኋላ «ዶ» ተባለ። ለወዳጁ ለመነኩሴ ሚካኤል በጻፈው ደብዳቤ፣ በቀድሞው መንገድ አሥር ዓመት የሚፈጀው ትምህርት በእርሱ መንገድ በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት እንደሚያልቅ ይናገራል። በዚያው ደብዳቤ ላይ በቅናት ምክንያት ከገዳሙ መራቁን፣ ኋላም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 19ኛ ወደ ሮም አስጠርተውት መጽሐፉን እንዳገላበጡና ሰምተውት የማያውቁትን አንድ ዜማ እዚያው አንብበው እንደዘመሩ ይተርካል። ከመምህርነት ሥራዬ ሁሉ የምወደው ቅጽበት ይኸው ነው፤ አንድ ልጅ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከወረቀት ላይ ሲያነሳ ፊቱ ላይ የሚነበበው መደነቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለወጠም። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው፤ አዲስ ኖታ ሲሰጣችሁ እጃችሁን ወደ መሣሪያው ከመስደዳችሁ በፊት በድምፃችሁ አንብቡት።

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ በአንድ ዜማ ላይ ሌላ ዜማ መደረብ ነው። ይህን በቃል ማስረዳት ስላልቻልኩ አንድ ቀን ተማሪዎቼን አቁሜ አሠራኋቸው። አራቱ ዝቅተኛዋን «ሬ» አፋቸውን ዘግተው እንዲይዙ፣ ሲደክማቸው እየተፈራረቁ እንዲተነፍሱ ነገርኳቸው። ሁለት ልጃገረዶች ደግሞ ከዚያችው «ሬ» ተነስተው ቀስ እያሉ ወደ «ላ» ወጡ። በመንገድ ላይ «ሚ» ከ«ሬ» ጋር ስትጋጭ አንደኛዋ ፊቷን ቋጠረች፤ «ላ» ላይ ሲደርሱ ግን ክፍሉ ባንድ ጊዜ የሰፋ መሰለ። ከኋላ የቆመ ልጅ «ከእኛ በታች ሌላ ሰው የሚያዜም ይመስላል» አለ። አልተሳሳተም፤ ጥርት ብሎ የተያዘ አምስተኛ (እንደ «ሬ»ና «ላ» በአምስት ደረጃ የሚራራቁ ሁለት ድምፆች) ከበታቹ የጥላ ድምፅ ያሰማል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኦርጋኑም የሚባለውን ዝማሬ የጀመሩት መዘምራን በድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰሙት ይህንኑ ነው።

ይህ ጥበብ የጎለመሰው ግንባታው በ1163 በተጀመረው በፓሪሱ የኖትርዳም ካቴድራል ነው። የሁለቱን ታላላቅ ሊቃውንት የሌኦኒንንና የፔሮቲንን ስም የምናውቀው በዚያ ከተማ የተማረ፣ ስሙ ያልቆየልን አንድ እንግሊዛዊ ሳይሆን አይቀርም የሚባል ጸሐፊ በማስታወሻው ስላሰፈራቸው ነው፤ የመምህሮቹን ሥራ በጥንቃቄ መዝግቦ ለትውልድ ያቆየ ተማሪ ከሊቃውንቱ ያነሰ ባለውለታ አይመስለኝም። ፔሮቲን ለልደት በዓል በአራት ድምፅ ባዘጋጀው ዝማሬ የታችኛው ድምፅ አንዲቱን የቃል ክፍል ለረጅም ጊዜ ይዞ ሲቆይ፣ ሦስቱ ከበላዩ እየተቀባበሉ ይሮጣሉ። ልብ በሉ፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲያዜም ጊዜው በእጁ ነው፤ ሦስትና አራት ሰዎች የተለያየ ዜማ ሲያሰሙ ግን ጊዜውን አብረው መቁጠር ግድ ይሆንባቸዋል። በአውሮፓ የድምፅ ርዝመት በጽሑፍ መለካት የጀመረው ከዚህ አስፈላጊነት ነው። በ1280 ገደማ የኮሎኙ ፍራንኮ የኖታው ቅርጽ ራሱ ርዝመቱን እንዲናገር ሥርዓት አበጀለት። በቀጣዩ መቶ ዓመት ፊሊፕ ደ ቪትሪና ባልደረቦቹ ኖታውን እየከፋፈሉ ረቂቅ ምቶችን መጻፍ ሲጀምሩ፣ በአቪኞን የነበሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛ መዘምራኑ ዜማውን በአጫጭር ድምፆች ይቆራርጡታል ብለው አጥብቀው ወቀሱ። ወቀሳው ከንቱ አልነበረም፤ የጸሎቱ ቃል በእርግጥ እየጠፋ ነበር። ይህን ቅሬታ አስታውሱት፣ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣል።

የ15ኛውንና የ16ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን በፍጥነት አልፋለሁ፤ ታሪኩ ስላነሰ አይደለም፣ መጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ መስማት ስለሚያሻው ነው። እንግሊዛውያን ደራሲዎች እነ ደንስታብል ሦስተኛን (እንደ «ዶ»ና «ሚ» ያለውን ርቀት) እንደ ጣፋጭ ስምምነት መጠቀማቸው የአህጉሩን ጆሮ አለሰለሰው። ጊዮም ዱፋይ በ1436 የፍሎረንስ ካቴድራል ሲባረክ የተዘመረውን ሥራ ጻፈ። በ1501 በቬኒስ ኦታቪያኖ ፔትሩቺ አንዱን ወረቀት መላልሶ በማተሚያው እያሳለፈ፣ መስመሩን ለብቻ ኖታውን ለብቻ በማተም የብዙ ድምፅ ሙዚቃን ለሽያጭ አቀረበ። በዚያው ዘመን በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የኢትዮጵያውያን ገዳም ነበር፤ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን የእኛን አባቶች ዝማሬ ሰምቶ ቋንቋቸውን ከእነርሱ ተማረና በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ መዘምራን በብዙ ድምፅ ሲያዜሙ፣ ጥቂት እርምጃ ርቆ የያሬድ ልጆች በአንድ ድምፅ ያመሰግኑ እንደነበር ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። አንዱ የሌላው ጅምር ወይም ፍጻሜ አልነበረም፤ ሁለቱም ምሉዕ ነበሩ። የምዕራቡን ሙዚቃ ስታጠኑ የብዙ ድምፅን መምጣት የሰው ልጅ ሁሉ ከጨለማ የወጣበት ብርሃን አድርጎ የሚያስተምራችሁ ሰው ቢያጋጥማችሁ አትቀበሉት።

ወደ ባሮክ የወሰደው ያ የቆየ ቅሬታ ነው። የሊቁ የጋሊሌዮ አባት፣ ሉት የተባለው ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋች የነበረው ቪንቼንሶ ጋሊሌይ በ1581 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ የተለያየ ቃል ሲያዜሙ ቃሉም ስሜቱም ይጠፋል ብሎ ተከራከረ። እርሱና በፍሎረንስ የነበሩ ወዳጆቹ የፈለጉት አንድ ሰው እንደሚናገር ሆኖ የሚያዜምበትን፣ መሣሪያውም ከሥር ሆኖ የሚደግፍበትን ሙዚቃ ነበር። ኦፔራ የተወለደው ከዚህ ነው፤ የጣሊያናዊው ደራሲ የሞንቴቨርዲ «ኦርፌዮ» በ1607 በማንቱዋ ቀረበ። ሞንቴቨርዲ ቃሉ ሲያለቅስ ዜማው እንዲያለቅስ ሲል የዘመኑ የሙዚቃ ሕግ የማይፈቅደውን የድምፆች ግጭት ያለ መንደርደሪያ ያስገባ ስለነበር፣ አርቱሲ የተባለ የሙዚቃ ሊቅ በ1600 በጽሑፍ ተቸው። ሞንቴቨርዲ በ1605 የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ የምጽፈው በዘፈቀደ አይደለም፣ ሁለተኛ የአሠራር መንገድ አለ አለ። ሕግ መጣስ የሚያምራችሁ ወጣቶች ይህን ታሪክ ትወዱታላችሁ፤ ነገር ግን ይህ ሰው የመጀመሪያ ሥራውን በ15 ዓመቱ ያሳተመ፣ አሮጌውን ሕግ ከተቺው ባላነሰ የሚያውቅ እንደነበር አትርሱ።

አንዱ ድምፅ ብቻውን ጎልቶ ሲወጣ ከሥሩ ባዶ እንዳይሆን ባሶ ኮንቲኑኦ ተፈጠረ። ደራሲው የታችኛውን ድምፅ ብቻ ጽፎ ከሥሩ 6፣ 7፣ 4 የመሳሰሉ አኃዞችን ያስቀምጣል፤ ክላቭሳን (ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ወይም ኦርጋን የሚጫወተው ሰው የቀረውን በራሱ ይሞላዋል። በባንድ ውስጥ ኮርድ ከወረቀት እያነበባችሁ የምትጫወቱ ልጆች የምትሠሩት ሥራ ለዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። ሙዚቃን ከላይ ወደ ታች መስማት የለመደ ጆሮ በዚህ ጊዜ ከታች ወደ ላይ መስማት ተማረ፤ የኮሬሊና የቪቫልዲ የቫዮሊን ሥራዎች ያለዚህ መሠረት አይቆሙም። ስለዚህ የምትወዱትን ማንኛውንም ሙዚቃ ስትሰሙ ለሳምንት ያህል ዜማውን ተዉትና ባሱን ብቻ ተከታተሉ።

ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1685 ሲወለድ ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። በአሥር ዓመቱ እናትና አባቱን አጥቶ በታላቅ ወንድሙ ቤት አደገ። ከሞተ በኋላ የወጣው የሕይወት ታሪኩ እንደሚለው፣ ወንድሙ የከለከለውን የኖታ ደብተር ሌሊት ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ለስድስት ወር ገልብጦ ሲጨርስ ወንድሙ አግኝቶ ወሰደበት። በ20 ዓመቱ ደግሞ የታዋቂውን የኦርጋን ሊቅ የቡክስተሁድን ኦርጋን ለመስማት፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ከተቀጠረባት ከአርንሽታት እስከ ሉቤክ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሄደ፤ የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ አራት ወር ያህል ስለቆየ ቀጣሪዎቹ ሲመለስ ጠየቁት። የቪቫልዲን ኮንሰርቶዎችም ለኦርጋንና ለክላቭሳን እየገለበጠ አጥንቷል። እናንተ ዛሬ የፈለጋችሁትን ኖታ በስልካችሁ ታገኛላችሁ፤ እባካችሁ አንዱን ገጽ እንኳ በእጃችሁ ገልብጡት። እጅ ሲዘገይ ዓይን የዘለለውን ያያል።

አንድ ሥራ ልስጣችሁና ደብዳቤዬን ልፈጽም። ባኽ በ1723 ለተማሪዎች ካዘጋጃቸው ባለ ሁለት ድምፅ ኢንቬንሽኖች (አጫጭር የመለማመጃ ሥራዎች) የመጀመሪያውን፣ በዶ ሜጀር ያለውን አውጡ። ቀኝ እጅ አጭሯን ሐረግ ይጀምራል፤ ገና ሳይርቅ ግራው ያችኑ ሐረግ አንድ ኦክታቭ (ከ«ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ያለውን ርቀት) ዝቅ አድርጎ ይቀበለዋል። መጀመሪያ የቀኙን ዘምሩ፣ ቀጥሎ የግራውን ዘምሩ፣ ጓደኛ ካላችሁ አብራችሁ ዘምሩት። ከዚያ ፒያኖው ላይ ተቀመጡና የግራውን በእጃችሁ እየተጫወታችሁ የቀኙን በድምፃችሁ ያዙ። ሦስተኛው መስመር ላይ ትሳሳታላችሁ፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱና እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሩ።