የፖል ማካርትኒ ቤዝ ጊታሮች፦ ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት

ስለ ቢትልሱ ቤዝ ተጫዋች ስለ ፖል ማካርትኒ ዕቃዎች ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ለማታውቁኝ፣ ለዓመታት በምሽት ቤቶች ቤዝ ስጫወት የኖርኩ ሰው ነኝ። ቢትልስ ደግሞ የማይለቀኝ በሽታዬ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያቺ ቫዮሊን የምትመስለው ቤዝ ምንድን ናት? እንደሱ ያለ ሰው እንዴት የልጅ መጫወቻ የምትመስል ነገር ይይዛል?

ሆፍነር 500/1 ትባላለች። ጀርመን ሠራሽ ናት። ሲገዛት ግን «እንደሱ ያለ ሰው» አልነበረም፤ በ1961 ሀምቡርግ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት፣ ገና ሃያ ያልሞላው ድሃ ልጅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ስቱዋርት ሳትክሊፍ ወደ ሥዕል ትምህርቱ ሊመለስ ወሰነ። ቤዙን ማን ይያዝ? የባንዱ ጊታር ተጫዋቾች ጆንም ጆርጅም አልፈለጉም። ዕጣው ፖል ላይ ወደቀ። መጀመሪያ የስቱዋርትን ቤዝ ተዋሰ፤ ስቱዋርት ግን ክሮቹን እንዳትነካ አለው። ፖል ደግሞ ግራኝ ነው። ምን ያድርግ? ጊታሩን ገልብጦ፣ ወፍራሙ ክር ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ሆኖ ተጫወተ። ቤዝ ያላችሁ እስቲ አንድ ዘፈን እንዲህ ሞክሩት።

በኋላ የራሱን ሊገዛ ወጣ። ፌንደር ወደ 100 ፓውንድ ነበር፣ አይታሰብም። ሆፍነሯ ወደ 30 ፓውንድ። በዚያ ላይ ግራና ቀኟ እኩል ስለሆነ ግራኝ ሲይዛት የተገለበጠች አትመስልም። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ዋጋና ቅርጽ።

ጥያቄ፦ የተሰረቀችው ተገኘች የሚባለው እውነት ነው? ታዲያ እስካሁን መድረክ ላይ የሚይዛት የትኛዋ ናት?

እውነት ነው። ሁለት ሆፍነሮችን ለዩ።

የመጀመሪያዋ የ1961ዷ ናት። ሁለቱ ፒካፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት) ከአንገቷ አጠገብ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ፎቶ ላይ የምትለዩዋት በዚህ ነው። «ላቭ ሚ ዱ» እና «ሺ ላቭስ ዩ» የተቀረጹት በእሷ ነው። ሁለተኛዋ በ1963 መጨረሻ አካባቢ የመጣችው ናት። የእሷ ፒካፖች ተራርቀዋል፣ አንዱ አንገቷ ጋ፣ አንዱ ወደ ታች። እስከ ዛሬ ኮንሰርት ላይ የምታዩት ይቺን ነው። ጎኗ ላይ በ1966 የመጨረሻ ጉዟቸው የሚጫወቷቸው ዘፈኖች ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎባታል። አልነቀለውም። እኔ ይህን ወረቀት ከጊታሩ እኩል ነው የምወደው።

የ1961ዷ በጥቅምት 1972 ለንደን፣ ኖቲንግ ሂል ውስጥ ከቆመ መኪና ተሰረቀች። ሌባው ለአንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት እንደሸጣት ኋላ ታወቀ። ከዚያ ሃምሳ ዓመት ወሬዋ ጠፋ። ከሆፍነር ጋር ለዓመታት የሠራው ኒክ ዋስ በ2018 ፍለጋ ጀመረ። በ2023 ሁለት ጋዜጠኛ ባልና ሚስት ተቀላቀሉትና ሕዝቡን በይፋ ጠየቁ። ጥቆማው መጣ። በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሄስቲንግስ፣ አንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተቀምጣ ነበር። ትንሽ ጥገና ያስፈልጋት እንደሆነ እንጂ ከነሳጥኗ ነበረች። በታኅሣሥ 2024 ፖል ለንደን ኦቱ አዳራሽ ይዟት ወጣ፤ ያን ምሽት ሪንጎ ስታርም ድረም ላይ ነበር።

ጥያቄ፦ ያ «ዱብ ዱብ» የሚል ደብዘዝ ያለ ድምፅ ከየት ነው የሚመጣው? ፒካፑ ነው?

ብዙ ሰው ፒካፕ ይላል። እኔ ከክሩና ከእንጨቱ እጀምራለሁ።

ሆፍነር ሆዷ ባዶ ነው፤ እንደ ክራር ገበቴ አስቡት። ክብደቷ ከ3 ኪሎ በታች ነው። የክሯ ርዝመት 30 ኢንች ሲሆን የፌንደር 34 ነው። አጭር ክር ለተመሳሳይ ኖታ ላላ ብሎ ነው የሚወጠረው። ላላ ያለ ክር ሲመታ ወፈር ያለ፣ ቶሎ የሚሞት ድምፅ ይሰጣል። ክሮቹም ላያቸው ልሙጥ ነው፣ ሻካራ አይደለም። ልሙጥ ክር ያ የብረት ጭረት የሚመስል ድምፅ የለውም። ሲያረጅ ደግሞ ይብሳል፤ ለዚህ ድምፅ ግን እርጅናው ጥሩ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ፖል በአብዛኛው በፒክ (ክር በሚመታበት ትንሽ ቁራጭ ፕላስቲክ) ነው የሚጫወተው። ይቺ ነገር ብዙዎችን ታሳስታለች። ክሩ ደብዛዛ ነው፣ ፒኩ ግን መነሻውን ቁልጭ ያደርገዋል። «ዱብ» ስትሉ «ዱ»ው ፒኩ ነው፣ «ብ»ው ባዶ ሆዷ ነው።

ጥያቄ፦ በአንዳንድ ዘፈን ቤዙ ፍጹም ሌላ ነው፤ ይጮኻል፣ ይዘፍናል። ያም ሆፍነር ነው?

አይደለም፣ ጆሮ አለህ። እሱ ሪከንባከር 4001ኤስ ነው። በ1965 ክረምት አሜሪካ እያሉ ነው ካምፓኒው የግራኝ አድርጎ የሰጠው። ሙሉ እንጨት፣ ከባድ፣ ክሩ ከ33 ኢንች በላይ። ላይኛው አንገቱ ድረስ ድምፁ ተስተካክሎ ይወጣል፤ ሆፍነር ላይ እዚያ ስትደርስ ትንሽ ይንሻፈፋል። ስለዚህ ፖል ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ቤዙ ከሥር መደገፉን ትቶ እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ ሆነ። «ሞታውን» የሚባለው የአሜሪካ ሸክላ ኩባንያ ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጃመርሰን ጆሮው ውስጥ ነበር፤ ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል።

በ1967 ሪከንባከሩን ቀለም ቀባው። «ኦል ዩ ኒድ ኢዝ ላቭ» በሳተላይት ለዓለም የተላለፈ ቀን ያቺን ዥንጉርጉር ቤዝ ታዩዋታላችሁ። በኋላ ቀለሙን እስከ እንጨቱ ፍቆ አነሳው፤ ከቢትልስ በኋላ በነበረው ባንዱ በዊንግስ ጊዜ ባዶ እንጨት ሆና ነው የምትታየው።

ጥያቄ፦ «ፔፐርባክ ራይተር» ላይ ስፒከርን እንደ ማይክ ተጠቀሙ ሲባል ሰማሁ። ቀልድ ነው?

የምር ነው! ሚያዝያ 1966፣ ኢኤምአይ ስቱዲዮ። የአሜሪካ ሸክላዎች ላይ ቤዙ ለምን እንደዚያ ይወፍራል፣ የእኛ ለምን ይቀጥናል ብለው ይበሳጩ ነበር። መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክና ባልደረባው ኬን ታውንሴንድ አንድ ነገር ሞከሩ።

ስፒከርና ማይክ ውስጣቸው አንድ ዓይነት ነው። ማግኔት፣ ጥቅል ሽቦና የሚርገበገብ ገጽ። ስፒከሩ ኤሌክትሪክ ሲቀበል ይርገበገባል፤ ብታርገበግበው ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ስለዚህ ትልቅ ስፒከር ከቤዝ አምፑ (ከድምፅ ማጉያው) ስፒከር ፊት ለፊት አቆሙና እንደ ማይክ ሰኩት። ገጹ ሰፊ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ በደንብ ያዘ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ «ሳርጀንት ፔፐር» ሲቀረጽ፣ ቤዙን ያለ አምፕና ያለ ማይክ በቀጥታ ወደ መቅረጫው ጠረጴዛ አስገቡት። ዛሬ ሁላችንም በየቤታችን የምናደርገው ነገር ነው፤ ያኔ ግን ለእነሱ አዲስ ነበር። ፖል ሌላም ልማድ ነበረው። ሌሎቹ ሄደው ሲያልቁ፣ በሌሊት፣ ቤዙን ብቻውን መጨረሻ ላይ ይቀርጽ ነበር። የዘፈኑን ሁሉ ነገር ሰምቶ ክፍተቱን የሚያገኘው ለዚህ ነው። እኔ ከጊታሩ በላይ ድምፁን ያመጣው ይህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ አምፖቹስ?

መጀመሪያ «የሬሳ ሣጥን» ይሉት የነበረ፣ ሊቨርፑል ውስጥ በእጅ የተሠራ ትልቅ ስፒከር። ከዚያ ቮክስ የሚባል አምፕ። ስታዲየም ሲገቡ 100 ዋቱ ቮክስ፤ ከልጃገረዶቹ ጩኸት በታች ምንም አልሰማ ይል ነበር እንጂ። በጥር 1969 ለንደን ውስጥ በመሥሪያ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ሲጫወቱ ደግሞ ፌንደር ቤዝማን ነበር ከኋላው።

ጥያቄ፦ በኋላ ለምን ወደ ሆፍነር ተመለሰ?

በሰማንያዎቹ ዋል የሚባል ባለ አምስት ክር ቤዝ ይዞ ነበር። ኤልቪስ ኮስቴሎ አብሮት ሲሠራ «እስቲ ያቺን ሆፍነር አምጣት» አለው። ይኸው እስከ ዛሬ። ከ80 ዓመት ያለፈ ሽማግሌ ሦስት ሰዓት ሲቆም ደግሞ ቀላል ጊታር ነውር አይደለም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ቫዮሊን ቅርጽ ያለው ርካሽ ቤዝ አገኘሁ። ልግዛ?

አንድ ነገር ላጫውትህ። እኔም ገዝቼ ነበር፣ ከማን እንደሆነ ይቅር። ቤት ገብቼ ክሮቹን ልቀይር አራቱንም በአንዴ ፈታኋቸው። ከሥር ያለችው የእንጨት ድልድይ ዱብ! ለካ በምንም አልተጣበቀችም፤ ክሩ ብቻ ነው ተጭኖ የሚይዛት፣ ልክ እንደ ክራራችን ብርኩማ። የት እንደነበረች ምልክት አላደረግኩም። በማግስቱ ሥራ ነበረኝ። ሌሊቱን ግማሽ ሚሊ ወደዚህ፣ ግማሽ ሚሊ ወደዚያ ስገፋት አደርኩ። መድረክ ላይ ዘፋኟ ዞር ብላ አየችኝ፤ ያ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም።

ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ተጭነህ ከባዶው ክር ጋር አንድ ዓይነት ኖታ፣ አንድ ኦክታቭ ብቻ ከፍ ያለ፣ መሆኑን ስማ። ካልሆነ ድልድይዋን ገፋ አድርገህ እንደገና ሞክር። ከተስተካከለች በእርሳስ ምልክት አድርግና ግዛ። ካልተስተካከለች ተዋት። ያለህን ቤዝ ልሙጥ ክር አስገባለት፣ ድልድዩ አጠገብ ከክሮቹ ሥር የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ ሸጉጥ፣ ወፍራም ፒክ ያዝ። ከመንገዱ ግማሹን ትሄዳለህ። ስፖንጁን ግን አትጠቅጥቀው፤ ክሩን መንካት ብቻ ነው ያለበት።