የካቢኑ ካርድ በር ላይ አለ፤ ቪዛዎስ?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ለእናቴና ለእኔ የሰባት ሌሊት የመርከብ ጉዞ ገዝቶልናል። እሱም ከነቤተሰቡ አብሮን ይሄዳል። መርከቡ ከማያሚ ተነሥቶ ባሃማስንና ሌሎች ደሴቶችን አዙሮ ማያሚ ይመልሰናል። እናቴ ከዚህ በፊት የወንድሜ ሚስት ስትወልድ ለአራስ ጥየቃ ሄዳ ተመልሳለች። እኔ የመጀመሪያዬ ነው። የሁለታችንም ቪዛ አለ። ወንድሜ እንዳለው የካቢናችን ቁልፍ ካርድ በፖስታ ተደርጎ በራችን ላይ ይጠብቀናል። በዚያው ካርድ ዕቃም ይገዛበታል። ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ ቁልፍ ይተዋል? አንድ ሰው አንሥቶ ቢገዛበት ዕዳው የማን ነው? እኔስ የምፈርመው ምን ላይ ነው? የወንድሜ ጓደኛ፣ እዚያ ተማሪ የሆነ ልጅ፣ ሄዶ ምንም አልገጠመውም ብሎናል። እኔ ግን አላመንኩም።

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ቁልፉ አብሽሩ። ወንድምዎ የነገረዎት እውነት ነው። ብዙ መርከቦች ላይ እንዲሁ ነው የሚደረገው። ወደ መርከቡ ስትገቡ የምታሳዩት ካርዱን ሳይሆን ፓስፖርታችሁንና ቀድሞ የወጣላችሁን የመሳፈሪያ ወረቀት ነው። ካርዱን ስማችሁ በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ፣ ካቢናችሁ በር ላይ ታገኙታላችሁ። አንዳንዱ ኩባንያ እዚያው ወደቡ ላይ በእጅ ይሰጣል። ሌላው በካርድ ፋንታ በእጅ የሚታሰር ወይም አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር ይሰጣል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ወንድምዎ መመሪያውን ከፍቶ ያንብብላችሁ።

ከበሩ ላይ ቢነሣስ? ስትሳፈሩ ፎቶ ትነሣላችሁ። ካርዱ ሲነበብ ያ ፎቶ ከሠራተኛው ፊት ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሌባ በእናትዎ ፊት ሽቶ መግዛት ይቸግረዋል። ደግሞም ብዙ ኩባንያዎች የካቢኑን ቁጥር ካርዱ ላይ አያትሙም። ወድቆ ያገኘው ሰው የትኛውን በር እንደሚከፍት እንዳያውቅ ነው። ፖስታው በር ላይ እያለ ግን በሩ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ካቢኖቹ ተከፈቱ ሲባል ምሳ ቤቱ ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ሄዳችሁ ውሰዱት። ከጠፋ ወዲያው እንግዳ መቀበያው ጋ ሄዳችሁ አዘጉት። ያመለከታችሁበትን ሰዓትና ያነጋገራችሁን ሠራተኛ ስም ጻፉ። ክርክር ቢነሣ የሚያድናችሁ ያቺ ማስታወሻ ናት።

ዕዳው ደግሞ የሚወርደው ለካቢኑ ከተመዘገበው የባንክ ካርድ ላይ ነው። የወንድምዎ ካርድ ከሆነ ከፋዩ እሱ ነው። እናትዎ የሚያዟት ለስላሳም፣ በየቀኑ ለአስተናጋጆች የሚታሰበው ክፍያም ከእሱ ይሄዳል። እኔ ይህን ዋስ ሆኖ እንደመፈረም እቆጥረዋለሁ። የእናትዎ ካርድ በር ብቻ እንዲከፍት፣ ግዢው እንዲዘጋ መጠየቅ ትችላላችሁ። ዴቢት ካርድ ካስመዘገባችሁ ገንዘቡ ለቀናት ሊያዝባችሁ ስለሚችል ክሬዲት ካርድ ይሻላል።

የሚፈርሙት ምን ላይ ነው ላሉት፣ ዋናው ፊርማ ካለቀ ቆይቷል። ወንድምዎ ቲኬቱን ሲገዛና በኢንተርኔት ሲያስመዘግባችሁ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ተጭኗል። ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለእናንተም ጭምር ነው የተጫነው። ያ ረጅም የተሳፋሪ ውል ነው። ወንድምዎ ይላክልዎና ያስቀምጡት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ያልጠየቁኝ ጉዳይ ነው።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ቁልፉ ብዙ ጽፈዋል። ስለ ቪዛው የጻፉት ሦስት ቃል ነው፦ «የሁለታችንም ቪዛ አለ።» አይቆጡኝና፣ እህቴ፣ ለጠበቃ ሲጻፍ እንዲህ አይደለም። የሚያስፈራዎትን በዝርዝር ነገሩኝ፤ ሊያስፈራዎት የሚገባውን በአንድ መስመር አለፉት። ቪዛው ስንት ጊዜ መግቢያ ነው?

ይህን የምጠይቅዎ በአንድ ደንበኛዬ ላይ የደረሰው ዛሬም ስላልወጣልኝ ነው። የወልድያ ሰው ነው፣ አባት ነው። ልጁ አውሮፓ ጠርቶት ከግሪክ ተነሥቶ ቱርክ ወደብ ደርሶ ግሪክ በሚመለስ መርከብ ቲኬት ቆረጠለት። ወደቡ ደጃፍ ላይ ሠራተኞች ሻንጣውን ተቀበሉት። እዚያ ሻንጣ ከሰው ቀድሞ ነው መርከብ የሚገባው። ሰውየው ሰልፉን ይዞ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ። ልጅቷ ፓስፖርቱን ገለጠች፣ ቪዛውን አየች፣ አለቃዋን ጠራች። የቪዛው ቀን ገና ብዙ ይቀረዋል። የመግቢያ ብዛት በሚለው ቦታ ላይ ግን የተጻፈው 01 ነው። ግሪክ ሲገባ ያቺን አንዷን ጨርሷታል። ቱርክ ደርሶ ሲመለስ በምን ይገባል? እንዳይሳፈር ተደረገ። ልጁ ከነሚስቱ ካርዱን ሊወስድ ወደ ካቢኑ ሲወጣ፣ አባት ሻንጣው ተፈልጎ እስኪወርድ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። የደም ግፊት መድኃኒቱ ሻንጣው ውስጥ ነበር።

ቢሮዬ መጥቶ የካቢኑ ቁጥር የታተመበትን የሻንጣ መለያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። «ክፍሌ ይኸው ተጽፏል፤ ከፍለናል፤ ገንዘቤን አስመልስልኝ» አለኝ። ውሉን ሳነብ እንደ ብዙዎቹ ሆኖ አገኘሁት። ፓስፖርትና ቪዛ የተሳፋሪው ኃላፊነት ነው፤ ወረቀቱ ካልተሟላ አይሳፈርም፤ ገንዘቡም አይመለስም ይላል። ክስ ቢኖር የሚታየው ኩባንያው በመረጠው ፍርድ ቤት ነው ይላል። ደሴ ላይ ፋይል ልከፍትለት አልቻልኩም።

ይህ የፍርድ ቤት ምርጫ ነገር ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ወስኗል። ከዋሽንግተን ግዛት የሄዱ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስቲቱ መርከቡ ላይ ወድቃ ተጎዳች። ቲኬቱ ላይ ክስ የሚቀርበው ፍሎሪዳ ነው ተብሎ ታትሟል። በአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ የታተመው ይጸናል አለ። አሜሪካዊቷን ካልማረ ከደሴ የሚሄደውን ይምራል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። ጊዜውም አጭር ነው። በአሜሪካ ሕግ ኩባንያው በአካል ጉዳት ካሳ ላይ ተጎጂው ጉዳቱን ለኩባንያው የሚያሳውቅበትን ጊዜ እስከ 6 ወር፣ የክሱን ጊዜ እስከ 1 ዓመት ዝቅ አድርጎ በውል መወሰን ይችላል። እኛ ዘንድ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1845 መሠረት የውል ክስ በመደበኛው 10 ዓመት አለው። በአንቀጽ 2143 ደግሞ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት 2 ዓመት ነው። «ጊዜ አለን» እያለ የሚቀመጠው ደንበኛዬ ሁሉ የሚያስበው በእኛው አቆጣጠር ነው።

ወደ እናንተ ልመለስ። እናትዎ ለአራስ ጥየቃ ሄደው ተመልሰዋል። የእርሳቸው ቪዛ እንግዲህ የቆየ ነው ብዬ እገምታለሁ። የእርስዎ አዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን አብዛኛውን የጉብኝት ቪዛ ወደ 3 ወርና ወደ አንድ ጊዜ መግቢያ አውርዳዋለች። ከዚያ በፊት የተሰጠው እንደተሰጠ ይቀጥላል። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ፓስፖርቶች፣ ሁለት የተለያዩ ቪዛዎች ሊይዙ ይችላሉ። የእናትዎ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ፣ የእርስዎ አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለቱንም አውጥተው ቪዛው ገጽ ላይ የመግቢያ ብዛት የሚለውን ቦታ ያንብቡ። «ኤም» የሚል ፊደል ካለ ብዙ ጊዜ ነው። ኤም ከሌለ ቲኬቱን አይመኑት። የሚያበቃበትን ቀን አይተው አይረጋጉ። የወልድያውም ሰው ቀኑን አይቶ ነው የተረጋጋው።

አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ምን ይሆናል? ማያሚ ለመድረስ አሜሪካ ሲገቡ ያቺን መግቢያ ይጠቀማሉ። መርከቡ ባሃማስ ሲደርስ ከአሜሪካ ወጥተዋል። «ከማያሚ ተነሥቶ ማያሚ ይመለሳል» የሚለው የመርከቡን መንገድ ነው እንጂ የእርስዎን ፈቃድ አይናገርም። ኩባንያው ቪዛ የሌለውን ሰው ወደ አሜሪካ ካመጣ ራሱ ይቀጣል። ለዚህ ነው ጠረጴዛው ላይ የሚያጣሩት። ካርዱ በሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ እርስዎ ታች ሊቀሩ ይችላሉ። ከዚያም የሚብሰው አለ። ያጣራው ሠራተኛ ሳያስተውል ቢያሳልፍዎትና በመልሱ ቀን የኢሚግሬሽን መኮንኑ ፊት ቢቆሙ፣ ካርድዎ ለሰባት ቀን በር መክፈቱ ምንም አይረዳዎትም። እዚያ መመለስ መከልከል ለወደፊቱ ቪዛዎም ጠንቅ ነው።

ስለ ተማሪው ጓደኛ የተናገሩት ነገር ነው ይበልጥ ያሳሰበኝ። ልጁ አልዋሸም። የአሜሪካ ሕግ የቆይታ ፈቃዱ ያላለፈበት ሰው ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ሄዶ እንዲመለስ፣ ከነቅድመ ሁኔታዎቹ፣ ቪዛው ቢያበቃም መንገድ ይሰጠዋል። ለተማሪ ይህ መንገድ የካሪቢያን አጎራባች ደሴቶችንም ይጨምራል። ለጎብኚ ግን ደሴቶቹን አይጨምርም። እሱ ተማሪ ነው፤ እርስዎ ጎብኚ ነዎት። እሱን ያስገባው በር ለእርስዎ ዝግ ነው። ዘመድ ለዘመድ የሚሰጠው የቪዛ ምክር ሁሌ እዚህ ላይ ይሰናከላል። የሰጪው ቪዛ ዓይነት አይነገርም፤ ተቀባዩም አይጠይቅም።

እኔ የኢትዮጵያ ጠበቃ ነኝ። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ፈቃድ የለኝም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ብቻ እንዳትወስኑ። ወንድምዎ እዚያ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር። የጉዞ ወኪሉን አይደለም፤ ጠበቃ። ይዞ የሚቀርበው የሁለታችሁን ፓስፖርትና ቪዛ ግልጽ ፎቶ፣ መርከቡ የሚቆምባቸውን ወደቦች ዝርዝርና የተሳፋሪውን ውል ነው። እያንዳንዱ ደሴት ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የራሱ ሕግ ስላለው እሱንም አብሮ ይጠይቅ። ከኩባንያው መልስ ሲያገኝ በቃል ሳይሆን በኢሜይል ይሁን። ቲኬቱ እስከ መቼ ቢሰረዝ ስንት እንደሚመለስ ውሉ ላይ ስላለ፣ ያን ቀን ዛሬውኑ ይፈልገው። ቀኑ በቀረበ ቁጥር የሚመለሰው ገንዘብ እያነሰ ይሄዳል።

ወረቀቶቹን ስታወጡ ስማችሁንም አስተያዩ። እናትና ልጅ በእኛ ልማድ የአባት ስም አይጋሩም። እዚያ ያለ ሰው ግን ሳያስበው የእርስዎን የአባት ስም ለእናትዎ ሊሞላ ይችላል። የልደት ቀንም እንዲሁ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ሰባት ስምንት ዓመት ሲዛነፍ አይቻለሁ። ቲኬቱ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል አንድ ይሁን። ፓስፖርቱም አብዛኛው ኩባንያ እንደሚጠይቀው ከመልስ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቆይ። መድኃኒት፣ ፓስፖርትና ይህ ሁሉ ወረቀት በእጅ ቦርሳ እንጂ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ።

የእርስዎ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ ቢገኝና ጠበቃው አይሆንም ቢል፣ የእናትዎ ግን ቢፈቅድ፣ እርሳቸው ከወንድምዎ ቤተሰብ ጋር ይሂዱ። እርስዎ ወንድምዎ ቤት ይጠብቋቸው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እናትዎ ውኃ ላይ የወጡት ቢበዛ ሐይቅ ላይ በጀልባ ይሆናል፤ እንግሊዝኛም ላይችሉ ይችላሉ። እንደዚያ ከሆነ ሁለት ነገር ያዘጋጁላቸው። ካርዳቸው ላይ ለአደጋ ጊዜ የሚሰበሰቡበት ቦታ ቁጥር ወይም ፊደል አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ባሕር ላይ ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለች የመንገደኞች መርከብ ተገልብጣ 32 ሰው ካለቀ በኋላ ዓለም አቀፍ ደንቡ ጥብቅ ሆኗል፤ የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያ ልምምዱ መርከቡ ሳይነሣ ወይም እንደተነሣ ይደረጋል። ወንድምዎ ያን ቦታ በእግር ወስዶ ያሳያቸው። የካቢኑን ቁጥርና ፎቁን ደግሞ በአማርኛ በትንሽ ወረቀት ይጻፉላቸው። ወረቀቷን መቀነታቸው ላይ ይቋጥሯት። ከካርዱ ጋር አንድ ቦታ እንዳያስቀምጧት ይንገሯቸው።