የባሕር ዳሯ እህቴ፣ ስለ አቮካዶሽ

እህቴ፣ «ከዘር ያበቀልኩት የጓሮ አቮካዶ 4 ዓመት ሞላው። ከክረምቱ ወዲህ የቅጠሉ ጫፍ እየደረቀ ይረግፋል። አበባም አውጥቶ አያውቅም። ዩሪያ ልጨምርለት?» ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ ዩሪያውን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ሥሩን እዪ።

እኔም የተከልኩት እዚሁ ባሕር ዳር ዋልካ አፈር ላይ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ፍግ ሞላሁበት። ውሃ እንዲይዝለት ብዬም ዙሪያውን እንደ ሳህን ጎድጎድ አደረግሁት። በጋውን ደህና አደገ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ጉድጓዱ ኩሬ ሆነ። መስከረም ሲጠባ ቅጠሉ ጠወለገ። የጠማው መስሎኝ ጭራሽ ውሃ ጨመርኩለት። ከሞተ በኋላ ቆፍሬ ሳየው ቀጫጭኖቹ ሥሮች ጠቁረዋል። በሁለት ጣቴ ሳብ ሳደርጋቸው ልጣቸው ተገፎ እጄ ላይ ቀረ። አፈሩም የከረመ ውሃ ይሸታል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የአቮካዶ ሥር ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው። ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው ከ20 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይወርዱም። አየርም ይፈልጋሉ። ውሃ ከተኛባቸው ይታፈናሉ፤ ያኔ ፋይቶፍቶራ የሚባለው የሥር አበስብስ በሽታ ይገባል። ሥሩ የበሰበሰ ዛፍ መሬቱ እየረጠበ እሱ ይጠማዋል። መራዊ በኩል ቀዩ አፈር ላይ አቮካዶ የሚስማማው ውሃው ቶሎ ስለሚሰርግ ነው። የእኛ ዋልካ ግን ውሃ ያቁራል።

ከግንዱ አንድ ክንድ ራቅ ብለሽ በትንሹ ቆፍሪ። ሥሩ ነጣ ያለና ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ደግሞ የጎደለው ውሃ ነው፤ ቀስ አድርገሽ በደንብ አጠጪው። ሥሩ ጥቁርና የሚበጣጠስ ከሆነ ግን አፈሩ ጠፈፍ እስኪል ማጠጣቱን አቁሚ። ውሃው የሚሸሽበት ቦይ ቅደጂ፤ ቦዩን ግን ከሥሩ አርቂው። ዛፉ ሥር ዶማ አታስገቢ። የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል ግማሽ ስንዝር ያህል አልብሺው፤ ግንዱን ግን እንዳይነካው። ትኩስ ፍግም አታስጠጊው፣ ያቃጥለዋል። ቅጠሉ ሲረግፍ ግንዱ ለፀሐይ ስለሚጋለጥ በውሃ የተበጠበጠ ኖራ ቀቢው።

ሁለተኛውን ችግኝ አፈር ከምሬ፣ ጉልበቴ የሚደርስ ጉብታ ላይ ነው የተከልኩት። ክረምቱ ሲመጣ ውሃው በጎኑ ወረደ፣ ዛፉም ምንም አልሆነ። ይሄኛው የተዳቀለ፣ ማለትም ከሌላ አቮካዶ የተቆረጠ ቅርንጫፍ የተቀጠለበት ችግኝ ስለነበር በ4ኛው ዓመት አፈራልኝ።

አበባ አለማውጣቱ አያሳስብሽ። ከዘር የበቀለ 7 ዓመት፣ አንዳንዴም 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ፍሬውም እንደ እናቱ ላይሆን ይችላል። ሲያብብ ብዙው አበባ ቢረግፍም አትደንግጪ፣ ከመቶው አንዱ እንኳ ፍሬ አይሆንም። አንዷ አበባ ሁለት ጊዜ ነው የምትከፈተው። መጀመሪያ ሴት ሆና ትከፈትና ትዘጋለች፤ በማግስቱ ወንድ ሆና ትከፈታለች። ስለዚህ ንብ ያስፈልጋታል። ጎረቤትሽ ሌላ ዓይነት አቮካዶ ካለው ደግሞ እሰየው።

ሥሩን ያየሽ ቀን ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊልን፣ አብረን እናየዋለን።