የቀድሞ አሠሪዬ «የጎደለውን 187,400 ብር ክፈይ፣ አለዚያ በስርቆት እንከስሻለን» አለኝ፤ ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሱፐርማርኬት በገንዘብ ተቀባይነት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሠርቻለሁ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ጥቅምት 20 ለቀቅሁ። በዕለቱ ካዝናውን ቆጥረን ከተረካቢዋ ጋር ፈርመናል። ወረቀቱ ቢሮ ቀረ፣ እኔ ጋ በስልኬ ያነሳሁት ፎቶ አለ። የመጨረሻ ወር ደመወዜን 9,600 ብርና ያልወሰድኩትን የዓመት ፈቃድ ክፍያ እስካሁን አልሰጡኝም። መጋቢት 12 ከጠበቃቸው ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ታኅሣሥ ላይ በተደረገ ቆጠራ 187,400 ብር ጉድለት ተገኝቷል፣ በ10 ቀን ካልከፈልሽ ለፖሊስ እናመለክታለን ይላል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ደውሎ «ነይና የብድር ውል ፈርሚ፣ በየወሩ ትከፍያለሽ፣ ነገሩ እዚሁ ያልቃል» አለኝ። ዋሴ ለሆነው ወንድሜም ደውለውለታል። እውነቱን ለመናገር፣ ከመልቀቄ በፊት 3,000 ብር በቃል ተፈቅዶልኝ በቅድሚያ ወስጃለሁ።

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የብድር ውሉን አይፈርሙ። በጉዳይዎ ውስጥ ትልቁ አደጋ ደብዳቤው አይደለም፣ ይህ ፊርማ ነው።

ዛሬ አሠሪው እጅ ላይ ያለው ክስ «ጎድሏል» የሚል ነው። ይህን በፍርድ ቤት ማስረዳት ያለበት እሱ ነው፦ መጉደሉን፣ መጠኑን፣ ያጎደሉትም እርስዎ መሆንዎን። የብድር ውል ከፈረሙ ግን ስለ ቆጠራው የሚጠይቀው የለም። ውሉን ይዞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊከስስዎ ይችላል። በዚህ ሥርዓት ተከሳሽ እንደ ልቡ መልስ አይሰጥም፤ በቅድሚያ በቃለ መሐላ የመከላከያ ማስፈቀጃ አቅርቦ ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድለት ነው። ማስፈቀጃው ካልቀረበ ወይም ውድቅ ከሆነ በውሉ መሠረት ይፈረድበታል። ሌላም ጉዳት አለው። ዕዳን በጽሑፍ ማመን፣ ወይም ከፊሉን መክፈል፣ ይቆጠር የነበረውን የይርጋ ጊዜ (በሕግ የተወሰነውን የክስ ማቅረቢያ ጊዜ) ያቋርጣል። «ለጊዜው ቢያበርድልኝ» ተብሎ የምትላክ 2,000 ብርም ይህንኑ ታደርጋለች። ከውሉ ጋር ቼክ ፈርመው እንዲተዉ ከተጠየቁ ደግሞ ጨርሶ እሺ አይበሉ። ስንቅ የሌለው (በባንክ ሂሳቡ በቂ ገንዘብ የሌለበት) ቼክ ራሱን የቻለ የወንጀል ክስ ይወልዳል፤ ያልሠሩትን ወንጀል ሲሸሹ አዲስ ወንጀል ላይ መውደቅ ይሆናል።

«ተገድጄ ነው የፈረምኩት» ብሎ ውል ማስፈረስ ይቻላል፣ ግን መንገዱ ጠባብ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1708 መሠረት «መብቴን እጠቀማለሁ» የሚል ዛቻ ውል የሚያስፈርሰው ከልክ ያለፈ ጥቅም ለማግኘት የተደረገ ከሆነ ብቻ ነው። «ለፖሊስ አመለክታለሁ» ማለት ደግሞ በራሱ መብት ነው። ስለዚህ ከፈረሙ በኋላ ከመታገል አለመፈረም ይቀላል። ሥራ አስኪያጁ ሲደውል «በጽሑፍ እመልሳለሁ» ብለው ይዝጉ። በቴሌግራም ማብራሪያ አይጻፉ፣ እነሱ የላኩትን ግን አያጥፉ።

ደብዳቤው የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም። 10 ቀኑን የወሰነው ጠበቃው ነው፤ ቀኑ ቢያልፍ በሕግ የሚያጡት መብት የለም። ቢሆንም ዝም አይበሉ፣ ዝምታዎ ኋላ «ተነግሯት አልተቃወመችም» ለሚል ክርክር ይውላል። መልሱ አጭርና ያለ ስድብ ይሁን። እንዲህ መጻፍ ይችላሉ፦

«መጋቢት 12 ቀን በደረሰኝ ደብዳቤ የተጠቀሰውን የ187,400 ብር ጉድለት አልቀበለውም። ሥራዬን ጥቅምት 20 ቀን ከተረካቢዋ ጋር በተፈረመ ሰነድ አስረክቤያለሁ። ጉድለቱ በየትኛው ቀን፣ በማን ኃላፊነት ሥር በነበረ ገንዘብ ወይም ዕቃ ላይ እንደደረሰና እንዴት እንደተሰላ አልተገለጸልኝም። የርክክብ ሰነዱን፣ የቆጠራ ሪፖርቱን፣ እኔ የሠራሁባቸውን ቀናት የዜድ ሪፖርት (የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው የሚያወጣው የዕለት ሽያጭ ማጠቃለያ) እና የባንክ ገቢ ደረሰኞች ኮፒ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። ያልተከፈለኝ ደመወዝና የዓመት ፈቃድ ክፍያ እንዲሁም የሥራ ልምድ ማስረጃ ሳይዘገይ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ የትኛውንም ዕዳ ማመን አይደለም፤ በሕግ ያሉኝ መብቶች ሁሉ የተጠበቁ ናቸው።»

ሁለት ኮፒ ያዘጋጁ። አንዱን ሰጥተው በሌላው ላይ «ደርሶኛል» የሚል ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ልከው ደረሰኙን ያስቀምጡ።

በደብዳቤው ላይ «ከድርጅቱ አንድ ብር አልወሰድኩም» ብለው እንዳይጽፉ። 3,000 ብሩ አለ። ፍርድ ቤት በአንድ ነገር ሲዋሹ ከያዘዎት ሌላውን እውነትዎን ማመን ይከብደዋል። የካዱት 187,400 ብሩን ነው፤ እሱ ላይ ይቁሙ። ቅድሚያ ክፍያው ጉድለት አይደለም፣ ከደመወዝዎ የሚታሰብ ሂሳብ ነው። ከተጠየቁ ማን እንደፈቀደና መቼ እንደወሰዱ በግልጽ ይናገሩ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ገንዘብ ተቀባይ የምትጠየቀው በእጇ ስለገባ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ መደርደሪያና መጋዘን ላይ ስላለ ዕቃ ሌላ ተረካቢ አለ። በእንዲህ ያሉ ክሶች በተደጋጋሚ የሚታየው ስሕተት የዕቃ ጉድለትን ወደ ብር ለውጦ በካዝና ሠራተኛ ላይ መጫን ነው። የጥሬ ገንዘብ ጉድለት የሚታወቀው የየዕለቱ ዜድ ሪፖርት በዚያው ቀን ገቢ ከተደረገው ገንዘብ ጋር ሲመሳከር ነው። ካልተመሳሰለ ጉድለቱ በዚያው ሰሞን መታየት ነበረበት። እርስዎ ከወጡ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ በሌሉበት የተደረገ ቆጠራ ከጥቅምት 20 በኋላ የጠፋውንም አብሮ ይቆጥራል። ሪፖርቱ ሲደርስዎ እነዚህን ይመርምሩ፦ በእርስዎ የይለፍ ቃል ሌሎች ገንዘብ ተቀባዮች ይሠሩ ነበር? ጊዜው ያለፈበትና የተሰበረ ዕቃ ከመዝገብ ተነሥቷል? ደንበኛ የመለሰው ዕቃና የተሰረዘ ሽያጭ ተመዝግቧል? ከአቅራቢ ሳይመጣ ቀድሞ ገቢ የተደረገ ዕቃ አለ? ዋጋው የተሰላው በመግዣ ነው ወይስ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ባለበት በመሸጫ? የመጨረሻው ብቻውን ቁጥሩን በብዙ ሺህ ብር ሊያሳብጠው ይችላል። አብረውዎት የሠሩና የይለፍ ቃሉን አጠቃቀም የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ካሉ ስማቸውን ከወዲሁ ይያዙ።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን እርስዎ ያልጠየቁኝ ነገር ነው፦ የራስዎ ጊዜ እያለቀ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 163 መሠረት ያልተከፈለ ደመወዝና ከሥራ ውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ የሚጠየቀው በስድስት ወር ውስጥ ነው። ጥቅምት 20 ከለቀቁ ስድስት ወሩ ሚያዝያ 20 ላይ ይሞላል። በደብዳቤ መጠየቅ ይህን ጊዜ አያስቆመውም፤ ክስ መመሥረት አለበት። ለጥንቃቄ ሚያዝያ ከመግባቱ በፊት በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ያስገቡ። ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም ነበረበት። አሠሪው «ሂሳብ ሳታወራርድ ስለወጣች ነው የያዝነው» ማለቱ አይቀርም፣ የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 36 ለዚህ ቀዳዳ አለው። የርክክብ ፎቶዎ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ክርክር ቢኖር እንኳ አሠሪው ያመነውን መጠን በጊዜው መክፈል አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስንበት ይችላል፤ ይህንንም በክሱ ይጠይቁ። በአንቀጽ 59 መሠረት ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የእርስዎ የጽሑፍ ስምምነት ሳይኖር ደመወዝ አይቆረጥም፤ ሲፈቀድም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም፣ በእርስዎ 3,200 ብር ማለት ነው። እርስዎ ሲከሱ እነሱ በተከሳሽ ከሳሽነት 187,400 ብሩን ሊያነሡ ይችላሉ። ይህ አያስፈራዎት፣ ያኔ ሰነዱን ማምጣት ግዴታቸው ይሆናል።

ቀድመው እነሱ ከከሰሱ በመጥሪያው ላይ የተጻፈውን የመልስ ቀን አያሳልፉ፣ ካልቀረቡ ጉዳዩ በሌሉበት ይታያል። የይርጋ መቃወሚያ ካለ በመጀመሪያው መልስ ይነሣ፤ ፍርድ ቤት በራሱ አነሳሽነት አያነሣውም። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ክስ፣ የተለየ ጊዜ ካልተቀመጠለት፣ በአንድ ዓመት ይታገዳል። ክሱን በወንጀል ድርጊት ላይ ከመሠረቱት ግን ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ሊከራከሩበት ስለሚችሉ በይርጋ ብቻ አይመኩ።

ፖሊስ ከጠራዎት ይሂዱ። መቅረት የመያዣ (የእስር) ትእዛዝ ሊያስወጣ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው በአደራ በተሰጠ ገንዘብ ላይ እምነት ማጉደል ወይም ስርቆት ነው። ያለመናገር መብት አለዎት፣ ከተያዙም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብዎ። ቃል ከሰጡ ሙሉውን ሳያነቡ አይፈርሙ። መርማሪው «ክፈይና ተስማሙ» ቢልዎት፣ የገንዘቡ ጥያቄ የፍርድ ቤት እንደሆነ በትሕትና ይመልሱ። እዚያ የሚፈረም ስምምነትም ክሱን በራሱ አያቋርጠውም፤ ስርቆት የግል አቤቱታ በመነሣቱ ብቻ የሚዘጋ ወንጀል አይደለም።

ወንድምዎ የፈረመውን የዋስትና ውል ኮፒ ያስመጣ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መሠረት የዋስትናው ጣሪያ በገንዘብ ካልተጠቀሰ ውሉ አይጸናም። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል፣ መጠን የሌለው ወረቀት ብዙ ድርጅቶች ያስፈርማሉ። የሁለት ምስክሮች ፊርማም መኖሩን ይይ። 50,000 ብር ከተጻፈበት ከዚያ በላይ አይጠየቅም። «እናስተካክለው» ብለው ቢጠሩት አዲስ ወረቀት እንዳይፈርም አደራ ይበሉት።

ሰነዶቹን አይተው የተወሰነ ጉድለት በእርግጥ በእርስዎ ፈረቃ መድረሱን ካመኑ ስምምነት ነውር የለውም። ያን ጊዜ ግን ስምምነቱ የብድር ውል ተብሎ አይጻፍ። የጉድለቱ መጠንና ቀን፣ ያልተከፈለዎት ደመወዝና ፈቃድ ተቀናንሶ የቀረው ሂሳብ፣ ከዚህ ውጭ አንዱ ከሌላው የሚፈልገው እንደሌለ፣ የዋሱ መለቀቅና ክሊራንስ (ከድርጅቱ ዕዳ ነፃ መሆንዎን የሚያረጋግጥ ወረቀት) የሚሰጥበት ቀን በውስጡ ይግባ፤ ከመፈረሙ በፊትም ጠበቃ ይየው። የጠበቃ አቅም ከሌለዎት የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ። ሲሄዱ የሥራ ውልዎን፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤዎን ኮፒ፣ የርክክቡን ፎቶ በወረቀት አትመውና የመጋቢት 12ቱን ደብዳቤ ከነፖስታው ይያዙ።