ዲኤስኤልአር ወይስ ሚረርለስ?

ወንድሜ፣ «ፎቶ ልጀምር ነው፣ ዲኤስኤልአር ልግዛ ወይስ ሚረርለስ?» ላልከው፣ እኔ ብሆን ዓይኔን ሳላሽ ያገለገለ ዲኤስኤልአር፣ ማለትም ውስጡ መስታወት ያለውን ካሜራ፣ እገዛ ነበር። መስታወት የሌለው ሚረርለስ ቀለል ይላል፣ ፎከሱም ፈጣን ነው። ግን ከነሌንሱ ኪስ ይጎዳል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ካኖን 250ዲ ወይም ኒኮን ዲ3500 ፈልግ። ሁለቱም 24 ሜጋፒክስል ናቸው፣ ይበቃሃል። ቪዲዮም ካሰብክ ካኖኑን ያዝ፤ ዲ3500 የውጭ ማይክ መሰኪያ የለውም።

ብርህን ሁሉ ቦዲው (ካሜራው ራሱ) ላይ አትጨርስ። አብሮት የሚመጣው 18-55 ሌንስ ሲያቀርብ ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል፤ የኤፍ ቁጥር ሲጨምር የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል። እኔ በእሱ ፋሲካ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ያነሳሁት ሁሉ ጭቃ ነበር። የእናቴ ነጠላ ብቻ ይታያል፣ ፊቷ የለም! በኋላ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ገዛሁ። ወደ አስር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ ጧፍ ብቻውን ይበቃዋል። ለዲ3500 ከሆነ ኤኤፍ-ኤስ የሚለውን፣ የራሱ የፎከስ ሞተር ያለውን፣ ምረጥ፣ አለዚያ ፎከሱን በእጅህ ስታዞር ትውላለህ።

ያገለገለ ስትገዛ ሻጩ ቢያጣድፍህም ረጋ በል። ሌንሱን በስልክህ መብራት አሳልፈህ እይ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተወው። ከዚያ ኤፍ 16 ላይ አድርገህ ነጭ ግድግዳ አንሳ። ጥቋቁር ነጥብ ከታየ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ቆሽሿል ማለት ነው። እሱ ይጠረጋል፣ ግን ዋጋ አስቀንስበት።