ውዱ ፓሌት ያዋጣል ወይስ ሳጥኑን ነው የምንገዛው?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ አምድሽን ሁሌ ነው የማነበው፣ ዛሬ ግን ራሴ ተቸግሬ ጻፍኩልሽ። ዓይኔን የጣልኩበት አንድ የሉክዠሪ ብራንድ አይሻዶ ፓሌት አለ፣ አስር ከለር፣ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ሳጥን፣ ሲከፈት ትልቅ መስታወት ያለው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኦንላይን አዝዤ ልከፍል ስል እተወዋለሁ፣ ማታ ተመልሼ አየዋለሁ። በሱ ዋጋ ቤት ያሉኝን ሦስት ፓሌቶች እንደገና ገዝቼ ይተርፈኛል። እህቴ "ዱቄት እኮ ነው፣ አብደሻል እንዴ" ትለኛለች፣ ጓደኛዬ ደግሞ "አንዴ ከነካሽው ወደ ርካሹ አትመለሺም" ትላለች። ስራ ስሄድ ቀለል ያለ ቡናማ ነው የምቀባው፣ ፕሮግራም ሲኖር ብቻ ነው ደመቅ የማደርገው። ቆዳዬ ጠየም ያለ ነው። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?
— እንቅልፍ ያጣሁት

መልስ፦ እህትሽም ጓደኛሽም እውነታቸውን ነው፣ ግን ሁለቱም ግማሹን ነው የነገሩሽ።

ዱቄት ነው፣ አዎ። የአብዛኛውን ፓሌት ጀርባ ገልብጠሽ ብታነቢ የምታገኚው ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ታልክ፣ ማይካ፣ ዱቄቱን አያይዞ የሚይዘው ማግኒዥየም ስቴሬት ወይ ዚንክ ስቴሬት፣ እንዲለሰልስ ደግሞ ዳይሜቲኮን የሚባል ሲሊኮን፣ ከዛ መጨረሻ ላይ ቀለሞቹ በቁጥር ይደረደራሉ። 77491 ቀዩ አይረን ኦክሳይድ ነው፣ 77492 ቢጫው፣ 77499 ጥቁሩ፣ 77891 ደግሞ ነጩ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ። ያ ስራ ስትሄጂ የምትቀቢው ቡናማ በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተቀላቅለው ነው፣ በአጭሩ የዝገት ዘመድ፣ ውዱም ጋ ርካሹም ጋ ያው ዝገት። ሺመሩም ቢሆን ስስ የማይካ ቅርፊት በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ተለብጦ ነው እንደዛ የሚያብለጨልጨው። ደግሞ ብዙ ብራንድ ራሱ አያመርትም፣ ለሌላ የሚሰሩ ትልልቅ ፋብሪካዎች አሉ፣ ጣሊያን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው ኢንተርኮስ ለምሳሌ ለስንቱ ብራንድ ነው የሚያመርተው።

ታዲያ ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። ልዩነቱ ያለው ዱቄቱ ምን ያህል ደቀቀ፣ ቀለሙ ከታልኩ አንፃር ምን ያህል ነው፣ ስንት ተጨመቀ የሚለው ላይ ነው፣ ይሄ ደግሞ ጀርባው ላይ አይጻፍም። በጣም ተጨምቆ ከደረቀ ብራሽሽ ምንም አያነሳም፣ ላላ ካለ ደግሞ ጉንጭሽ ላይ ይዘንባል። እና ለአንቺ በተለይ ወሳኙ ማቱ፣ የማያብረቀርቀው ከለር ነው። ርካሽ ማት ላይ ነጩ መሙያ ይበዛና ቀለሙ ያንሳል፣ ነጣ ያለ ቆዳ ላይ ብዙም አያስታውቅም፣ ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ግን ሳጥኑ ውስጥ ሞቅ ብሎ ያየሽው ቡናማ የዓይንሽ ቆብ ላይ አመድ የነካው መስሎ ቁጭ ይላል። ጓደኛሽ "አትመለሺም" ያለችሽ ምናልባት ይሄን አይታ ነው። ግን ይሄን ችግር የፈቱ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ብራንዶች አሁን ሞልተዋል፣ እዛ ድረስ መክፈል የግድ አይደለም።

ሱቅ ገብተሽ የምትሞክሪ ከሆነ በጣትሽ አትሞክሪ። ጣት ወዝና ሙቀት አለው፣ በጣት ሲነካ የማያምር አይሻዶ የለም፣ ቪዲዮ ላይ ክንዳቸው ላይ እየሳቡ የሚያሳዩሽም ለዛ ነው የሚያምርልሽ። ንጹህ ብራሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ያለ ፕራይመር (ከአይሻዶው በፊት እንዲይዝ የሚቀባው) የእጅሽ ጀርባ ላይ ሁለት ማት ከለር ጎን ለጎን አድርጊና መሃላቸውን አዋህጂው፣ ሁለቱም አንድ ግራጫ ጭቃ ከሆኑ ነገሩ እዛው አለቀ፣ ከለራቸውን ሳይለቁ ከተዋሃዱ ደግሞ ሳትገዢ ውጪና ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ እጅሽን እዪው።

ሰው ዋጋውን ለግራም እያካፈለ ያወዳድራል፣ ማወቁ አይከፋም ምክንያቱም አንዳንድ ውድ ሳጥን ውስጥ ያለው ዱቄት ያስቃል። ግን እኔ ግራም ላይ ብዙም አልሞትም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን፣ ኔክድ የሚባለውን የኧርባን ዲኬይ ብራንድ ፓሌት ታስታውሺ እንደሆነ፣ አስራ ሁለት ከለር፣ እያንዳንዱ 1.3 ግራም ነበር፣ በ2018 ማምረት እስኪያቆሙ ስንቱ ሰው ቤት ነበር፣ ግን አስራ ሁለቱንም የጨረሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ያልተነካ ግራም በነፃም ቢሆን ውድ ነው።

የራሴን ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ውድ ፓሌቴን ስገዛ ዘጠኝ ከለር ነበረው፣ ብራንዱን አልጠራም። ዛሬ ስከፍተው አንዱ ቡናማ አልቆ ዱቄቱ የተጨመቀበት ትንሽ ሳህን፣ የፓኑ ብርማ ታች ወጥቷል፣ አንዱ የሻምፓኝ ሺመር ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው። ሐምራዊዋ ላይ ግን ፋብሪካው ያተመባት አበባ ቅጠሏ ሳይጠፋ ቁጭ ብላለች፣ አረንጓዴዋም እንደዛው። ሁለት አይሻዶ በዘጠኝ ዋጋ ገዛሁ ማለት ነው፣ ያውም ቡናማው ቤት ከነበረኝ ጋር ተቀብቶ ሲታይ እኔም አልለየውም።

ስለዚህ አሁኑኑ ተነሺና ሦስቱንም ፓሌቶችሽን ክፈቻቸው። የቱ ከለር ጎድጉዷል? የቱ አልተነካም? ከዛ የምትፈልጊውን አስር ከለር አጠገባቸው አድርገሽ እዪው፣ ከጎደጎዱት ጋር የሚመሳሰል አራት ከሌለው አትግዢው። ከጻፍሽልኝ ተነስቼ ስገምት የሚኖረው ሁለት ወይ ሦስት ነው፣ ስለዚህ የኔ መልስ ይቅርብሽ ነው። በምትኩ ከዛው ብራንድ ነጠላ ሺመር ካለ እሱን ግዢ፣ በውድና በመካከለኛው መሃል ልዩነቱ ለዓይን የሚታየው ሺመር ላይ ነው፣ ማቱን ከመካከለኛው ውሰጂ፣ ከተረፈሽ ጥሩ ፕራይመር ጨምሪበት። ፕራይመር ስታደርጊ ቤት ያለው ርካሹም ሌላ ሆኖ ነው የሚያድረው፣ ምናልባት እስከዛሬ የጎደለሽ እሱ ብቻ ይሆናል።

ልብሽ የሸፈተው ሳጥኑ ላይ ከሆነም፣ መስታወቱና ሲዘጋ የሚሰማው ጠቅ የሚለው ድምፅ ከሆነ፣ እሱም ያለ ነው፣ ብቻ ለእህትሽ "ሳጥኑን ነው የገዛሁት" በያት እንጂ ጥራት ምናምን እያልሽ አትከራከሪ። ደግሞ በግማሽ ዋጋ ካገኘሽው አትደሰቺ፣ ብዙ ፌክ የሚሰራው እነዚህ ላይ ነው፣ ዓይንሽ ውስጥ የሚገባው ምን እንደሆነ አታውቂም።

ጥያቄ፦ ውድ ፓሌቴ ከእጄ ወድቆ ሺመሩ ተፈረካከሰ፣ አልቅሼ ልሞት ነው። ይጠገናል?
— የተሰበረብኝ

መልስ፦ ይጠገናል፣ አታልቅሺ። የተፈረካከሰውን በጥርስ እንጨት እዛው ፓኑ ውስጥ ፈጭተሽ አድቅቂው፣ የሚያጸዱበትን አልኮል ጠብታ ጠብታ አድርጊበት፣ ወፍራም ሊጥ ሲመስል ሳንቲም በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለሽ ቀስ እያልሽ ተጫኚው። ጨርቁ እርጥበቱን ይመጥጣል። ከዛ ክፍት አድርገሽ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር፣ አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ሳይተን ዓይንሽ አጠገብ እንዳታደርሺው። ሲደርቅ ትንሽ ጠንከር ሊል ይችላል፣ ላዩን በቴፕ ነካ አድርጊው። ጀርባው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ማሰሮ ምልክት አለ፣ ውስጡ ያለው 12 ወይ 24 ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ነው፣ ያ ካለፈው ግን ለመጠገን አትልፊ።