ጅቡን አታሳዩን

በቀደም ፒያሳ ማኪያቶ ስጠጣ አንድ ወጣት አቀናባሪ ላፕቶፑን ከፍቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ይሄ ዘፈን እንዲያስፈራ ምን ልጨምርበት?» አለኝ። ነጎድጓድ አለው፣ የሚንሲጠጥ በር አለው፣ የሴት ጩኸት አለው። ኧረ ቀንስለት! አልኩት። ሌሎቻችሁም ስሙ።

በወጣትነቴ እዚሁ መሃል ከተማ አንድ ቲያትር ቤት ክራር እጫወት ነበር። በአንዱ ተውኔት እናት ልጇን የምታስተኛበት ዜማ ነበረን። እሹሩሩ ነው፤ ቅኝቱ ግን አንቺ ሆዬ። አንቺ ሆዬ ውስጥ በጣም የተጠጋጉ ድምፆች ስላሉ ጆሮ ማረፊያ ያጣል። እኔ ወፍራሙን ክር ብቻ ደጋግሜ እመታለሁ። እናትየዋ «ውጭ ማነው?» ብላ ታዜማለች። መልስ የለም። ድምጿን ትንሽ ከፍ አድርጋ ትደግመዋለች። በሦስተኛው ክራሩ ቀጥ ይላል፤ እሷም ዝም። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ አይገኝም። ፊት የተቀመጡ እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይይዛሉ። ጅብ ይሁን፣ ሽፍታ ይሁን፣ የሞተው ባሏ ይሁን አልነገርናቸውም። ሁሉም የየራሱን ጉድ ከቤቱ ይዞ መጥቷል።

በኋላ አዘጋጁ «ግልጽ ይሁን» አለ። ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ሰው እንደ ጅብ እንዲጮህ ተደረገ። ሕዝቡ ሳቀ። (ሰውዬው ግን ጎበዝ ነበር፤ ሲጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይመልስለታል።) ብዙም ሳይቆይ ዜማው ከተውኔቱ ወጣ። በቴፕ የቀዳው የለም። ዘፋኟም አሁን በሕይወት የለችም። እኔም የማስታውሰው ግማሹን ነው፤ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

የኦስትሪያዊውን ሙዚቃ ደራሲ የሹበርትን «ኤርልኮኒግ» የተባለ ዘፈን ስሙት። በ1815 እ.ኤ.አ. ሲጽፈው ገና 18 ዓመቱ ነበር። አባት ልጁን አቅፎ በሌሊት ይጋልባል፤ ፒያኖው እንደ ፈረሱ ኮቴ ፋታ የለውም። ልጁ የሚጠራኝ መንፈስ አለ ብሎ «አባዬ!» ባለ ቁጥር ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። አባት ጉም ነው፣ ቅጠል ነው ይላል። ማንን እንመን? ቤት ሲደርሱ ፒያኖው ይቆማል። ልጁ ሞቷል።

የዛሬ ልጆች ዝምታ ትፈራላችሁ። ሁለት ሰከንድ ባዶ ከሆነ ዘፈኑ የተበላሸ ይመስላችኋል። አልፈርድባችሁም፤ አድማጩም ጣቱ ስልኩ ላይ ነው፣ ቶሎ ያልፋችኋል።

ማጀቢያ ድምፅ ጨርሶ አትንኩ አልልም። ከሩቅ በቀስታ የሚመታ ከበሮ እኔን ራሴን እስካሁን ይነዝረኛል። ብቻ በስልክ ስፒከር አትመዝኑት፤ ወፍራሙ ድምፅ እዚያ አይወጣም።